«ጀርመንኛ ትተረጉሚ የለ? ለምን አትወዳደሪም?»

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሽቱትጋርት የአንድ ወዳጃችን ልጅ ክርስትና ነበር። ዶሮው ገና አልቀረበም። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ከተማ ለተርጓሚ ሽልማት ይሰጣል አሉ። አንቺ ጀርመንኛ ትተረጉሚ የለ? ለምን አትወዳደሪም?»

ዘንድሮ ይህን ስሰማ አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ስቄ አለፍኩ። አሁን ግን በቃኝ። እንጀራዬ ትርጉም ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል፤ አምስተኛው ሰው ሲመጣ ስልኬን አውጥቼ አስነብበዋለሁ።

ሽልማቱ መኖሩ እውነት ነው። ሽቱትጋርት ከ1978 ጀምሮ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አላት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የዮሐን ፍሪድሪሽ ፎን ኮታ የሥነ ጽሑፍና የትርጉም ሽልማት ይባላል። በየሦስት ዓመቱ ነው የሚሰጠው። ደራሲና ተርጓሚ ጎን ለጎን ይሸለሙበታል፤ እኔ የምወድለትም ይህንን ነው። ከዚህ ውጪ የሚወራው ግን አብዛኛው ወሬ ነው።

«ኮታ ትልቅ ደራሲ ነበር።» አልነበረም። አሳታሚ ነው። በ1764 እዚሁ ከተማ ተወለደ፤ የታላላቆቹን ደራሲያን የጎተንና የሺለርን መጻሕፍት አሳተመ። ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰውም አንዳንዴ ስሙ ይነሳ እንጂ።

«የሽልማት ገንዘብ ግብር የለበትም።» ለዕድሜ ልክ ሥራ የተሰጠ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ለአንድ መጽሐፍ ከተሰጠ ግን እንደ ገቢ ሊቆጠር ይችላል። ሂሳብ አዋቂ ጠይቁ፤ እኔን አትጠይቁኝ።

«የጀርመን ዜግነት ከሌለህ አይሰጥህም።» ይሄ ፓስፖርት ጉዳይ የሆነበት ሰው ሁሉ የሚያስበው ነው፤ አልፈርድም። ግን የሚታየው ቋንቋው ነው። ብሬመን ከተማ በ1958 ሽልማቷን ለገጣሚው ለፓውል ሴላን ሰጠች። ሴላን የተወለደው ያኔ ሮማኒያ በነበረችው፣ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ባለችው ቸርኖቪትስ ነው። ወላጆቹ በናዚ ካምፕ አልቀዋል። እሱ የሚኖረው ፓሪስ፣ ዜግነቱም ፈረንሳዊ። ጀርመን አገር ኖሮ አያውቅም ማለት ይቻላል። ግጥሙን የጻፈው ግን በጀርመንኛ ነበር፤ ከሩሲያኛና ከፈረንሳይኛም ወደ ጀርመንኛ ይተረጉም ነበር። ፍራንክፈርትም በ1930 የጎተ ሽልማቷን ለቪየናው ሐኪም ለሲግመንድ ፍሮይድ ሰጥታለች። ታሞ ስለነበር ንግግሩን ሄዳ ያነበበችለት ልጁ አና ናት።

ከእኛው ሰፈር ካላችሁ ደግሞ ልጅ አስፋወሰን አሥራተ አሉላችሁ። ስለ ሥነ ሥርዓትና ጨዋነት በጀርመንኛ በጻፉት መጽሐፍ በ2004 የሻሚሶን ሽልማት ወስደዋል። እሱ የከተማ ሽልማት አልነበረም፤ መቀመጫው እዚሁ ሽቱትጋርት የሆነ የቦሽ ፋውንዴሽን ነበር የሚሰጠው። የተቋቋመውም አፋቸውን በሌላ ቋንቋ ፈትተው በጀርመንኛ ለሚጽፉ ሰዎች ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው «እሳቸውማ የመሳፍንት ልጅ ናቸው» ብለው ዘጉት። ምን ታደርጊዋለሽ።

«የሚመርጡት የከተማው ሹማምንት ናቸው፤ ሰው ካለሽ ነው።» አይደለም። ዳኞች ይመርጣሉ፣ ከተማው ይከፍላል። ሹማምንቱ እጃቸውን የሚያስገቡበት ጊዜ የለም አልልም። ግን ሲያስገቡ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። በ1959 መጨረሻ የብሬመን ዳኞች ወጣቱን ጉንተር ግራስን በመጀመሪያ ልቦለዱ መረጡ። የከተማው መንግሥት መጽሐፉ ብልግና አለበት ብሎ አልሰጥም አለ። ጩኸቱ ለጉድ ነበር። መጨረሻው ሽልማቱን ለብቻው የሚያስተዳድር ድርጅት ማቋቋም ሆነ። ግራስ እንደሆነ በ1999 ኖቤል ወሰደ። በ2006 ደግሞ የዱሰልዶርፍ ዳኞች በገጣሚው ሃይነ ስም የተሰየመውን የከተማዋን ሽልማት ለኦስትሪያዊው ደራሲ ለፔተር ሃንድከ ሰጡ። ለሰርቢያ በሚያደላው አቋሙ የተነሳ የምክር ቤቱ ቡድኖች አናጸድቅም አሉ። እሱም ራሱ ይቅርብኝ አለ። በ2019 እሱም ኖቤል አገኘ። በሃንድከ ጉዳይ ሰው ዛሬም ይከራከራል፤ ክርክሩ ግን አደባባይ ላይ ነው። «ሰው ካለሽ» የሚባለው ነገር ጓዳ ይፈልጋል።

«ማመልከቻ ሞልተሽ ማስገባት ነው።» እንደ ሽልማቱ ነው። የላይፕዚሽ የመጽሐፍ ትርኢት ሽልማት፣ ለትርጉም የራሱ ዘርፍ ያለው፣ መጽሐፉን የሚያስገባው አሳታሚው ነው። ለቡሽነር፣ ለትልቁ የጀርመንኛ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት፣ ደግሞ ማንም አያመለክትም፤ አንድ ቀን ስልክ ይደወልልሃል። የብዙዎች ስልክ ሳይደወል ያረጃል።

«ተርጓሚ ማለት የልደት ካርድ የሚተረጉም ነው።» እሺ፣ እሱም እኔ ነኝ። የቤት ኪራዬን የሚከፍለው እሱ ነው። ቃለ መሐላ ፈጽሜ ማኅተም ይዤ የጋብቻ ወረቀትና መንጃ ፈቃድ እተረጉማለሁ፤ ክፍያው በመስመር ነው፣ መስመሩም 55 ፊደል። ልቦለድ ግን ሌላ ሙያ ነው። አንዴ አንድ ድርጅት የግጥም ናሙና ልኮልኝ በመንጃ ፈቃድ ዋጋ በመስመር ልክፈልሽ አለኝ። ግጥሙ መስመሩ አጭር ነበር። ቢሰላ የአንድ ማኪያቶ አይሞላም። መልስም አልሰጠሁት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። «ጀርመንኛ የሚተረጉም ሁሉ መወዳደር ይችላል።»

ትርጉም አቅጣጫ አለው! እኔ ሥነ ጽሑፍ ስተረጉም ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ ነው። የጀርመን ከተሞች የሚሸልሟቸው ተርጓሚዎች ግን በአብዛኛው ከሌላ ቋንቋ ወደ ጀርመንኛ የሚያመጡ ናቸው። ክፋት የለበትም። ዳኛው የሚያነበው ጀርመንኛውን ነው። የሚመሰገነውም ጀርመንኛን ያበለጸገ ሰው ነው። ስማቸው የትርጉም ሽልማት ላይ የተለጠፈውን ሁለት ሰዎች ብቻ ውሰዱ። ዮሐን ሃይንሪሽ ፎስ በ1781 የጥንቱን የግሪክ ግጥም ኦዲሴይን በጀርመንኛ አሳተመ። ክሪስቶፍ ማርቲን ቪላንድ በቢበራህ ከተማ የቢሮ ሥራውን እየሠራ 22 የሼክስፒር ተውኔቶችን ወደ ጀርመንኛ መለሰ። ከጀርመንኛ ወደ ሌላ ቋንቋ ለሚተረጉምም ሌሎች ክብሮች አሉ፤ ያ ግን ሌላ በር ነው።

«ታዲያ አንቺም ወደ ጀርመንኛ ተርጉሚያ!» ይሉኛል። እዚህ አገር ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። በጀርመንኛ ከአከራይ ጋር ተጣልቼ አሸንፌያለሁ። «አይዞሽ»ን ግን አልችላትም። ጀርመኖች «ኮፕፍ ሆህ» ይላሉ፣ ቀና በይ እንደማለት። ፈተና ለወደቀች ልጅ ይሆናል። ለቅሶ ቤት ብትይው በጥፊ ነው። «ዳስ ቪርት ሾን» አለ፣ ይስተካከላል ነው። ልጇ የሞተባት ሴት ምኗ ነው የሚስተካከለው? በዚያ ቦታ የትኛው ቃል ትንሽ እንደሚቀዘቅዝ የሚሰማው በዚያ ቋንቋ ሲያለቅስ ያደገ ሰው ነው። እኔ የማውቀው አንዱ ልክ እንዳልሆነ ብቻ ነው። ልክ የሆነውን አላውቀውም።

ወደ አማርኛ ሲሆን ግን ቤቴ ነው። ቤቴም ሆኖ ያስለቅሰኛል። አንድ አጭር ልቦለድ «ኮም» በሚል ቃል ይጀምር ነበር። ቀላል ነው፤ «ና»። ወይስ «ነይ»? ጀርመንኛው አይናገርም። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ሌላውን ይጠራል። የተጠራው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ደራሲዋ አራት ገጽ ሙሉ ደብቃዋለች፤ የታሪኩ ጣዕም ያለውም እዚያ ላይ ነው። አማርኛ ደግሞ ገና አፍሽን ስትከፍቺ ወንድ ነው ሴት ብሎ ይጠይቅሻል። «ኑ» ብል ወይ ብዙ ሰው ይሆናል ወይ ሽማግሌ። ሁለት ሳምንት ተንከራተትኩ። በመጨረሻ ጠሪውን ሰውዬ ዝም አሰኘሁት። በእጁ ጠቀሰ። ከዚያ አራቱን ገጽ ከ«ው» እና ከ«ት» አጸዳሁ፤ ጤፍ እንደመልቀም ነው። አሁን ይህን የትኛው የሽቱትጋርት ዳኛ ነው የሚያይልኝ?

«ተሸላሚ ሀብታም ይሆናል።» ቡሽነር 50 ሺህ ዩሮ ነው፣ የፍራንክፈርቱ ጎተም እንዲሁ። ጥሩ ነው። ግን በዓመት ስንት ሰው ነው? የቀረው ተርጓሚ የሚከፈለው በገጽ ነው፤ አንዱ ገጽ 30 መስመር፣ መስመሩ 60 ፊደል ተብሎ ይቆጠራል። የጀርመን ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 ከሽያጭም ድርሻ ይገባቸዋል ብሏል፦ ለጠንካራ ሽፋን ከ5 ሺኛው ቅጂ በኋላ 0.8 በመቶ። መጽሐፉ ከግብር ውጪ 20 ዩሮ ቢሆን ከአንዱ ቅጂ 16 ሳንቲም ነው። 6 ሺህ ቢሸጥ ድርሻሽ 160 ዩሮ። የክርስትናው ኬክ ከዚያ አይተናነስም።

ይህን ሁሉ ለጋሼ በአጭሩ ነገርኳቸው። በዝምታ ሰሙኝ። ከጎናቸው የልጃቸው ልጅ ተቀምጣለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ጀርመንኛዋ ድብን ያለ የሽቫብ፣ የዚሁ አካባቢ ዘዬ ነው፣ «ትንሽ» ስትል «ቢስሌ» የምትል። ሐኪም ቤት ለአያቷ የምታስተረጉመውም እሷ ናት። ዝም ብዬ ጠየቅኳት። «አይዞሽን በጀርመንኛ ምን ትያለሽ?»

ቶሎ አልመለሰችም። ሹካዋን አስቀመጠች። «ማን ነው ያለው?» አለችኝ። «አያቴ ናት ወይስ አስተማሪዬ?»

ወደ ጋሼ ዞርኩ። «እርስዎ፣ ሽልማቱን ለኔ አያስቡልኝ። እቺን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ይላኩልኝ፤ አማርኛ አስነብባታለሁ። ዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ትርጉም ትምህርት አለ። ሽትራለን የምትባል ከተማ ከ1978 ጀምሮ ተርጓሚዎች እያደሩ የሚሠሩበት ቤት አለ፣ መጽሐፉ ከወለል እስከ ጣሪያ። ከአማርኛ ወደ ጀርመንኛ ልቦለድ የሚያመጣ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እዚህ ጀርመን ጎታ ድረስ ሄደው ለጀርመናዊው ምሁር ለሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ ካስተማሩ ወዲህ እንኳን ሰልፉ አልረዘመም።»

ጋሼ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ስንት ዓመት ይፈጅባታል?»

«ሃያ ቢሆን ነው።»

«ጥሩ» አሉ፣ እንጀራውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ። «ማመልከቻው መቼ ነው የሚዘጋው?»