ሹማከርን የማያውቁ «ሹማከሮች»

በቱሉ ዲምቱና በቃሊቲ መካከል የሚመላለስ ሰው «ሹማከር» የሚባል የሚኒባስ ሹፌር አያጣም። ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነዳጅ የሚረግጥ፣ ኩርባ ላይ ደርቦ የሚቀድም ሁሉ ይህ ስም ይወጣለታል። ስለ ጀርመናዊው የፎርሙላ ዋን መኪና ተወዳዳሪ ማይክል ሹማከር ታክሲ ውስጥ የሚወራው ግን አብዛኛው ስህተት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሀብታም ልጅ ስለሆነ ነው»

በመኪና ውድድር የሀብታም ልጅ ስለሚበዛ፣ እንዲህ ቢታሰብ አይገርምም። የእሱ አባት ግን ግንበኛ ነበሩ። በ4 ዓመቱ የፔዳል መኪናው ላይ የሞተር ሳይክል ሞተር ገጠሙለት። እሱም ወስዶ ከመብራት ምሰሶ ጋር አላተማት! ከዚያ ወዲያ ነው ከርፐን ከተማ ወዳለው የካርት (የትንንሽ ውድድር መኪና) መወዳደሪያ የወሰዱት። በኋላ እናቱም እዚያው ምግብ ቤት ውስጥ ሠርተዋል። ልጁ ሌሎች የጣሉትን ጎማ እየለቀመ ይወዳደር ነበር። በወጣትነቱም የመካኒክነት ሙያ ተምሯል።

«ድፍረቱ ነው ያነገሠው»

የኛዎቹን ሹፌሮች የሚያሳስተው ይሄ ነው። ድፍረትማ ሲኖትራክ የሚነዳውም አለው። ሹማከር የሚበልጠው በሒሳብ ነበር።

የ1998ቱን የሃንጋሪ ውድድር እንይ። የተቀናቃኙ ቡድን የማክላረን ሁለት መኪኖች ከፊቱ ናቸው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መቅደም ይከብዳል። የሹማከር ቡድን የፌራሪ የቴክኒክ ኃላፊ ሮስ ብራውን ዕቅዱን ቀየረ፤ ሁለቴ መቆሙ ቀርቶ ሦስቴ ቆሞ ነዳጅ ይሙላ፣ ጎማ ይቀይር አለ። እየቆመ ጥቂት ጥቂት ነዳጅ የሚይዝ መኪና ቀላል ይሆናል፣ ይፈጥናል። ግን አንድ ጊዜ በተጨማሪ ሲቆም የሚባክነው ጊዜ አለ። ያንን የሚመልሰው ነጂው ነው። ሹማከር የተሰጠው ሥራ በ19 ዙር 25 ሰከንድ ማትረፍ ነበር። አንዱ ዙር 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየዙሩ ከአንድ ሰከንድ በላይ መቆጠብ አለበት ማለት ነው። አንዴ ከመንገድ ወጥቶ ሣር ላይ ቢሄድም ሥራውን ጨረሰ። ማክላረኖቹን ታግሎ አልቀደማቸውም፤ እነሱ ሲቆሙ እሱ ፊት ሆኖ ተገኘ። አሸነፈም።

«ቁጭ ብሎ መንዳት ምን ስፖርት አለው?»

ፍሬን ሲያዝና ኩርባ ሲታጠፍ ነጂው ላይ የሚመጣው ጫና የሰውነቱን ክብደት አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል። በተለይ የሚፈተነው ጭንቅላትን የሚሸከመው አንገት ነው። ሹማከር ከጂም የማይጠፋውም ለዚህ ነበር።

«ማንም ፌራሪ ቢሰጠው ያሸንፋል»

በ1996 ፌራሪ ሲገባ፣ ቡድኑ ከ1979 ወዲህ የነጂዎችን ዋንጫ አንስቶ አያውቅም። እሱ ግን በ1994 እና በ1995 ቤነተን ከሚባል ሌላ ቡድን ጋር ሻምፒዮን ሆኖ ነው የመጣው። ፌራሪ ገብቶም አራት ዓመት ዋንጫ አላገኘም። በ1999 እንዲያውም እግሩ ተሰበረ። ከ2000 እስከ 2004 በተከታታይ አምስቱን የወሰደው ከዚያ በኋላ ነው።

«ንጹሕ ተወዳዳሪ ነበር»

ይሄን ደጋፊዎቹ አይወዱትም። በ1997 የመጨረሻው ውድድር ላይ የዋንጫ ተቀናቃኙ ዣክ ቪልነቭ ሊያልፈው ሲል መሪውን ወደ እሱ አዞረበት። ራሱ ጠጠር ውስጥ ገብቶ ቀረ፣ ቪልነቭ ሻምፒዮን ሆነ። ሹማከር ከዓመቱ የነጥብ ሰንጠረዥ ላይ ተሰረዘ። ሲያንሰው ነው።

«ውድድር ላይ ሞተ»

አልሞተም። ውድድር ያቆመው በ2012 መጨረሻ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ፈረንሳይ ውስጥ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ወድቆ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ከ2014 ጀምሮ ቤቱ ሆኖ ይታከማል። ቤተሰቡ ስለ ጤናው ዝርዝር አይናገርም። ስለዚህ «ነቃ»፣ «ተናገረ» እየተባለ የሚዞረውን ነገር አትመኑ። በ2023 አንድ የጀርመን መጽሔት «ቃለ ምልልስ አደረግን» ብሎ ፎቶውን ፊት ገጹ ላይ አወጣ። መልሶቹን የፈጠረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሆኖ ተገኘ። አሳታሚው ይቅርታ ጠየቀ፣ ዋና አዘጋጇም ተባረረች።