ብርሃን ሲያርፍባቸው ስለሚሠሩ ፕሮቲኖች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብለን ከባዮሎጂ ተማሪዎች ጋር ስናወራ፣ ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን ፕሮቲኖች ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች አሉ።

«በብርሃን የሚጠቀም ሁሉ እንደ ቅጠል ምግብ ይሠራል።»

አይደለም። ጨው ወዳዱ ረቂቅ ተሕዋስ ሃሎባክቴሪየም ክሎሮፊል (የቅጠል አረንጓዴ ቀለም) የለውም፤ ኦክስጅንም አያወጣም። እ.ኤ.አ. በ1971 የታወቀው ሐምራዊ ፕሮቲኑ፣ ባክቴሪዮሮዶፕሲን፣ ብርሃን ሲያገኝ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አዮን) ከሕዋሱ ወደ ውጭ ይገፋል። ሥራው ይኸው ነው። ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ አንዳንዴ የሚቀላው በእነዚሁ ጨው ወዳዶች ነው፤ ቅላቱ ግን በአብዛኛው የሌላ ቀለም ነው። ስለዚህ በቀለም ብቻ መፍረድ አይቻልም።

«ያለ ውድ መሣሪያ አይጠናም።»

ይህኛው ያሳዝነኛል፤ ተማሪውን ገና ሳይጀምር ያስቀረዋል። ፕሮቲኑ በሚሊሴኮንዶች ውስጥ ከሐምራዊ ወደ ቢጫ ሄዶ ሲመለስ ለመከታተል፣ አዎ፣ ፈጣን መሣሪያ ያስፈልጋል። «ፕሮቶን ይገፋል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ግን ፒኤች ሜትር (የአሲድነት መለኪያ) እና መብራት ይበቃል። ሕዋሶቹን «በፈር» (ፒኤች እንዳይለወጥ የሚይዝ ውህድ) በሌለው የጨው ውሃ እናጥባለን። ጨለማ ውስጥ ቁጥሩ እስኪረጋ እንጠብቃለን። መብራት ሲበራ የወጣው ፕሮቶን ውሃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው ፒኤቹ ይወርዳል፤ ሲጠፋ ቀስ ብሎ ይመለሳል። በፈር ካለ ግን ለውጡን ስለሚውጠው ምንም አይታይም።

«የፕሮቲኑ ጂን ኢ. ኮላይ (በቤተ ሙከራ የተለመደ ባክቴሪያ) ውስጥ ከገባ በቃ።»

ፕሮቲኑ ብርሃን የሚይዘው ሬቲናል በሚባል ሞለኪውል ነው፤ ኢ. ኮላይ ግን ሬቲናል አይሠራም። ሬቲናል የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው፤ ዓይናችንም የሚያየው በእሱ ነው። እኛው መጨመር አለብን፤ ብርሃን ስለሚያበላሸውም ዕቃውን በፎይል እንጠቀልላለን። እ.ኤ.አ. በ2000 ከባሕር ባክቴሪያ የታወቀው ፕሮቲዮሮዶፕሲን የተፈተነው እንዲህ ነው። ሕዋሶቹን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚያዘቅጠው ሴንትሪፊውጅ ሲቆም፣ ሬቲናል ያላገኘው ሕዋስ ቱቦው ሥር ገርጥቶ ይታያል። ያገኘው ወደ ቀይ ያደላል። ሁለቱን ቱቦ ጎን ለጎን ይዞ ማየት ደስ ይላል!

«ፒኤቹ ከወረደ ተረጋገጠ።»

ገና ነው። መብራት ያሞቃል፤ ሙቀት ደግሞ የፒኤች ሜትርን ንባብ ያዛባል። መብራቱና ናሙናው መካከል ውሃ የሞላበት ጠፍጣፋ ጠርሙስ ብናቆም ብዙው ሙቀት እዚያው ይቀራል። ሬቲናል ያልተጨመረባቸውን ሕዋሶችም በዚያው መብራት እንፈትናለን። ቀጥሎ ሲሲሲፒ የሚባለውን ኬሚካል ጠብ እናደርጋለን። ይህ የሕዋሱን ሽፋን ፕሮቶን እንዲያሳልፍ ያደርገዋል፤ የተገፋው ሁሉ ተመልሶ ይገባል። ያኔም መብራት ሲበራ ፒኤቹ እንደበፊቱ ከወረደ፣ ያየነው የፕሮቲኑን ሥራ አልነበረም።