ጀርክ ምንድን ነው?

ከአባይ ማዶ ወደ ጊዮርጊስ በባጃጅ ስሄድ ልጁ ፍሬኑን ሲጥ አድርጎ ያዘው። ወደፊት ተወረወርን። ባጃጁ ቀጥ ሲል ደግሞ ጭንቅላታችን ወደኋላ ተመለሰ። አጠገቤ ያሉት እናት «በስመ አብ!» አሉ። የቲማቲም ፌስታላቸው ግን ተርፏል።

ይህ ነገር ጀርክ ይባላል። ያለ ሹፌር ስለሚነዱ መኪኖች ምቾት ሲወራ ቃሉ ደጋግሞ ይነሳል። ብዙ ሰው ከፍሬን ጥንካሬ ጋር ያምታታዋል።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በ4 ሰከንድ ቆመች እንበል። ፍጥነቷ በየሰከንዱ በ10 ቀነሰ ማለት ነው። የፍሬኑ ጥንካሬ ይሄ ነው። ጀርክ ደግሞ ያ ጥንካሬ ራሱ ምን ያህል በድንገት መጣ፣ ምን ያህል በድንገት ጠፋ የሚለው ነው። ጠንካራ ፍሬንም ቀስ ብሎ ከመጣ ሰውነት ይዘጋጃል።

ጎበዝ ሹፌር ሊቆም ትንሽ ሲቀረው ፍሬኑን ለቀቅ ያደርጋል። እግሩ ያውቀዋል። ያለ ሹፌር የምትሄደውን መኪና ለሚነዳው ኮምፒውተር ግን ይሄ በሒሳብ ተጽፎ፣ ገደብ ተበጅቶለት ይሰጠዋል። ሕፃን ድንገት መንገድ ከገባ ግን ገደቡ ይጣሳል፤ መጣስም አለበት።

ደግሞ ሹፌር መታጠፊያውን ቀድሞ ስለሚያውቅ ብዙም አያቅለሸልሸውም። ሹፌር በሌላት መኪና ውስጥ ግን ሁሉም ተሳፋሪ ነው። ስልኩ ላይ ያቀረቀረማ ይብስበታል።