ኢንክሪመንታል ባክአፕ ምንድን ነው? በትክክል መሥራቱንስ በምን እናውቃለን?

200 ጊጋባይት ፋይል አላችሁ እንበል። ፎቶ፣ ስካን የተደረገ ሰነድ፣ የሂሳብ ፋይል። ማታ ማታ ሁሉንም ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ብትገለብጡ 1 ቴራባይቱ በአምስት ቀን ሞላ ማለት ነው። በቀን የሚለወጠው ግን ግማሽ ጊጋ ቢሆን ነው። ኢንክሪመንታል ባክአፕ ይህችን ግማሽ ጊጋ ብቻ ይወስዳል። መጀመሪያ አንዴ ሙሉው ይገለበጣል፣ ከዚያ ወዲያ ካለፈው ባክአፕ በኋላ የተጨመረውና የተለወጠው ብቻ።

ዲፈረንሻል ከሚባለው ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል። ዲፈረንሻል ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ሙሉ ባክአፕ ጋር ስለሚያነጻጽር በየቀኑ እየወፈረ ይሄዳል። ኢንክሪመንታል ከትናንቱ ጋር ነው የሚያነጻጽረው። ትንሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ግን አንዱ በሌላው ላይ የቆመ ነው። ሙሉውን እሁድ ወስዳችሁ ሐሙስ ዲስኩ ቢሞት የእሁዱም፣ የሰኞውም፣ የማክሰኞውም፣ የረቡዑም ያስፈልጋችኋል።

ታዲያ ፕሮግራሙ የተለወጠውን ፋይል በምን ይለየዋል? እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንድሪው ትሪጅልና ፖል ማከራስ የሠሩትንና በፈረንጆቹ 1996 የወጣውን አርሲንክ የሚባል የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ውሰዱ። ካላዘዛችሁት በቀር ፋይሉን ከፍቶ አያነብም። መጠኑንና መጨረሻ የተለወጠበትን ሰዓት አይቶ፣ ሁለቱ ከገጠሙ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እኔ ላይ የደረሰውም ከዚሁ የመጣ ነው። አንድ ቀን ከባክአፕ ዲስኬ ላይ የቆየ የቤተሰብ ፎቶ ከፈትኩ። ከላይ የሰዎቹ ፊት ይታያል፣ ከወገብ በታች ግራጫ ነው። መጠኑ ልክ፣ ቀኑም ልክ። አርሲንክ በየማታው አይቶታል፣ በየማታው አልፎታል። ደግነቱ ዋናው ፎቶ ኮምፒውተሬ ላይ ደህና ነበር።

ሌላም ነገር አለ። አርሲንክ ሊንክ-ዴስት በሚባለው አማራጭ ሲሠራ ለየቀኑ ሙሉ የሚመስል ፎልደር ይሰጣችኋል፣ ያልተለወጠው ፋይል ግን ሃርድ ሊንክ ነው፣ ማለትም ለዚያው ለአንዱ ፋይል የተሰጠ ሌላ ስም። ያንን ፎቶ በ30 ፎልደር ውስጥ 30 ጊዜ ብታዩት ዲስኩ ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱ ከተበላሸ ሠላሳውም አብረው ይበላሻሉ። ስለዚህ ሁለተኛ ዲስክ፣ ቢቻል ሌላ ቤት የሚቀመጥ፣ የግድ ነው።

መብራት መሃል ላይ ሲሄድስ? የዛሬ ቀን የተጻፈበት ግማሽ ፎልደር ይቀርና ሙሉ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ «ያላለቀ» በሚል ስም ይገልበጥ፣ ፕሮግራሙ ያለ ስህተት ሲጨርስ ብቻ ስሙ ወደ ቀኑ ይቀየር። እየሠራ ያለ ዳታቤዝን ደግሞ ፋይሉን እንዳለ አትገልብጡት፣ መጀመሪያ ዳምፕ፣ ማለትም ይዘቱ በሙሉ ወደ ሌላ ፋይል የተጻፈበት ቅጂ፣ አውጡለት።

«ባክአፕ የሚያደርገው ስክሪፕት በየማታው ይሠራል» ማለት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት በሆነው ጊትላብ ላይ ጥር 23 ቀን 2009፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 31፣ 2017፣ አንድ ባለሙያ በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋ። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ባዶ ሆኖ አገኙት። ዳምፕ የሚያወጣው ፕሮግራም ቨርዥኑ ከዳታቤዙ ጋር ስለማይገጥም ሥራው ሲከሽፍ ቆይቷል፣ መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ተቀባይ ጋ አልደረሱም። ያተረፋቸው አንድ ሰው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ሥራ በእጁ ያነሳው ስናፕሾት (የዲስኩ የዚያች ቅጽበት ቅጂ) ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ባክአፕ ሲወሰድ የየፋይሉን ሻ-256፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ቁጥር፣ አውጥታችሁ አስቀምጡ፣ በየወሩ ከባክአፕ ዲስኩ ላይ እንደገና አስልታችሁ አነጻጽሩ። አንዲት ባይት ብትቀየር ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። አርሲንክንም አልፎ አልፎ በቼክሰም፣ ማለትም ይዘቱን አንብቦ እንዲያነጻጽር፣ እዘዙት፣ ቀስ ይላል ግን ሁሉንም ያነባል። ሬስቲክ የሚባለውን የባክአፕ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ቼክ የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ዳታውን ሙሉ በሙሉ እንደማያነብ እወቁ። ሪድ-ዳታ የሚለውን ጨምሩበት፣ ከበዛ በየሳምንቱ አንድ አሥረኛውን አስነቡ።

ከዚያ መመለስን ሞክሩ። እኔ በወር አንዴ ሦስት ፋይል በባዶ ፎልደር ላይ እመልሳለሁ። አንዱ የትናንት፣ አንዱ የወር፣ አንዱ ከመጀመሪያው ሙሉ ባክአፕ። ሦስተኛውን አትዝለሉት፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው እሱን ነው። ሙከራውንም በሌላ ኮምፒውተር ላይ አድርጉት። የሬስቲክ ባክአፕ የተመሰጠረ ነው፣ ፓስወርዱ ያለው በተሰረቀው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ከሆነ ዲስኩ እጃችሁ ላይ ሆኖ እንኳ አይከፈትም። የኔ ወረቀት ላይ ተጽፎ እህቴ ቤት ተቀምጧል።