የፓንዳርፑር ባለቅኔ ቅዱሳን

በሕንድ ማሃራሽትራ ግዛት፣ የቢማ ወንዝ እንደ ግማሽ ጨረቃ በሚጠመዘዝበት ስፍራ፣ ፓንዳርፑር የምትባል ከተማ አለች። በቤተ መቅደሷ ያለው የጥቁር ድንጋይ ምስል ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ በአንዲት ጡብ ላይ ቆሟል። ስሙ ቪትሃል ነው፤ ቪቶባም ይሉታል፤ ምእመናኑ የሂንዱ አማልክት የቪሽኑና የክሪሽና መገለጫ አድርገው ያመልኩታል። ስለ ጡቧ የሚተረከው አጭር ነው። አምላክ ፑንዳሊክ የተባለ ሰው ቤት መጣ፤ ፑንዳሊክ ግን አረጋውያን ወላጆቹን እያገለገለ ስለነበር ጡብ ወረወረለትና እዚያ ላይ ቆሞ እንዲጠብቀው ነገረው። እነሆ እስከ ዛሬ ቆሟል። በእኛ አነጋገር፣ እዚህ ቤት ደጅ የሚጠናው አምላኩ ነው።

ለዚህ አምላክ የሚዘምሩት ሰዎች ቫርካሪ ይባላሉ፤ ወደ ፓንዳርፑር በየጊዜው የሚመላለሱ ማለት ነው። የእምነታቸው ምሰሶ ደግሞ ካህናት ሳይሆኑ ባለቅኔዎች ናቸው። እነዚህን ሳንት ብለው ይጠሯቸዋል። ቃሉ በአውሮፓ ቋንቋዎች ለቅዱስ ከሚውለው ቃል ጋር በድምፅ ቢመሳሰልም ዝምድና የለውም፤ ምንጩ ሳንስክሪት ሲሆን እውነትንና ህልውናን ከሚያመለክት ሥር የወጣ ነው። ሳንት ለመሆን ሹመትም ምንኩስናም አያስፈልግም። ብዙዎቹ ባለትዳርና የልጆች ወላጆች ነበሩ፤ ቅድስናቸውን ያጸደቀው ሕዝቡ ግጥማቸውን በቃሉ ይዞ መዝፈኑ ነው።

ግጥሙ አባንግ ይባላል፤ ትርጉሙ ያልተሰበረ፣ ያልተቋረጠ ነው። የተጻፈውም የካህናት መደብ የሆኑት የብራህማን ሊቃውንት በሚጠብቁት በሳንስክሪት ሳይሆን ገበሬው በሚናገረው በማራቲ ቋንቋ ነው። በመጨረሻው ስንኝ ገጣሚው ስሙን ያስገባል፤ የቱካራም ግጥሞች «ቱካ ይላል» በሚል ቃል ይታወቃሉ። ይህ እንደ ፊርማ ነው፤ ነገር ግን ፊርማ ብቻ አይደለም። ዘማሪው ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ያንን ስም በአፉ በጠራ ቁጥር ባለቅኔው መስካሪ ሆኖ በመካከላቸው ይቆማል። የሌላ ሰው ግጥም በታዋቂ ሳንት ስም ሊገባ መቻሉ ለአጥኚዎች ራስ ምታት ቢሆንም፣ ዘማሪዎቹ ብዙም አያስጨንቃቸውም።

ትውፊቱ መነሻ የሚያደርገው ጅናኔሽቫርን ነው። የኖረው ከ1275 እስከ 1296 እንደሆነ ይታመናል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ መንኩሶ ሳለ ወደ ትዳሩ በመመለሱ ብራህማኖቹ ቤተሰቡን ከማኅበራቸው አስወጡት። ከወገን የተገለለው ይህ ወጣት 700 ያህል ስንኞች ያሉትን የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ባጋቫድ ጊታን በ1290 ገደማ በዘጠኝ ሺህ ያህል የማራቲ ስንኞች ተረጎመና አብራራ። ሥራው ጅናኔሽቫሪ ይባላል። በሃያ አንድ ዓመቱ በአላንዲ መንደር በሕይወት ሳለ ወደ መቃብሩ ገብቶ በተመስጦ እንደቀረ ይነገራል። ተከታዮቹ ይህን ጎልማሳ እንኳ ያልሆነ ወንድ «ማውሊ»፣ ማለትም እናት፣ ብለው ይጠሩታል።

በእሱ ዘመንና ከእሱ በኋላ የተነሡት ከየሙያው ናቸው። ናምዴቭ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዝማሬዎቹ ከማሃራሽትራ አልፈው በሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ 61 ያህሉ ገብተዋል። ጎራ ሸክላ ሠሪ፣ ሳቫታ አትክልተኛ፣ ሴና ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። እጅን የሚያቆሽሽ ሙያ ሰውን እንዴት እንደሚያስንቅ ለሚያውቅ የእኛ አንባቢ ይህ ዝርዝር ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ጃናባይ ደግሞ በናምዴቭ ቤት ገረድ ነበረች። በግጥሞቿ ቪትሃል አብሯት እህል ይፈጫል፣ ኩበት ይለቅማል። የእጅ ወፍጮ ዘፈን የማራቲ ሴቶች የቆየ ጥበብ በመሆኑ አምላክን ወፍጮ ላይ ማስቀመጧ ለአድማጮቿ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ድፍረቱ ግን ድፍረት ነው።

ወደ አሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ስንሻገር (የጅናኔሽቫሪን ጽሑፍ በ1584 ያረመውን የፓይታኑን ብራህማን ኤክናትን በስም ብቻ አልፈነው) ከሁሉ የገነነው ቱካራም ይገኛል። በፑኔ አቅራቢያ በምትገኘው በዴሁ መንደር በ1608 ገደማ የተወለደ እህል ነጋዴ ነው። በ1630 ገደማ የገባው ታላቅ ረሃብ የመጀመሪያ ሚስቱንና ልጁን ነጠቀው፤ ንግዱም ከሰረ። ትውፊት እንደሚለው ቤተሰቡ ከተበዳሪዎች የያዘውን የዕዳ ወረቀት ድርሻውን ወስዶ ኢንድራያኒ ወንዝ ውስጥ ጣለው። በቋንቋው ሽንገላ የለም፤ አምላኩን ይለምናል፣ ይወቅሳል፣ አንዳንዴም ይሰድበዋል። በስሙ የተሰበሰቡት አባንጎች ወደ 4,500 ይደርሳሉ። ዝቅ ካለ መደብ የተወለደ ሰው መንፈሳዊ ትምህርት ማስተማሩ ያስቆጣቸው ብራህማኖች ግጥሞቹን ወንዝ ውስጥ እንዲጥል አስገደዱት። በዚያው ዕዳውን በጣለበት ወንዝ ጣላቸው፤ ዳር ተቀምጦም ጾመ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጽሑፎቹ ሳይበላሹ ተንሳፈፉ ይላል ትረካው። ተአምሩን ማመን አለማመን የአንባቢው ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ወረቀቱ ቢቀርም ኖሮ ግጥሙን በቃሉ የያዘው ሕዝብ መኖሩ ነው።

የሳንቶቹ ሥራ ዛሬም የሚኖረው በእግር ነው። በሂንዱ አቆጣጠር በአሻድ ወር፣ ማለትም በሰኔ ወይም በሐምሌ፣ ከአላንዲ የጅናኔሽቫር፣ ከዴሁ የቱካራም የእግር ጫማ ምሳሌዎች ፓልኪ በሚባል ጌጠኛ መሸከሚያ ላይ ተደርገው ይወጣሉ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተሳላሚዎች ዲንዲ በሚባሉ ጓዶች ተከፍለው፣ ቱልሲ ከተባለው ተክል የተሠራ ዶቃ አንገታቸው ላይ አጥልቀው፣ ከበሮና የናስ ሳህን እየመቱ ሦስት ሳምንት ያህል፣ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። ሴቶች ቱልሲውን ከነማሰሮው በራሳቸው ይሸከማሉ። እርስ በርስም «ማውሊ» ይባባላሉ። በመንገዱ የሚዘመረው የሳንቶቹ አባንግ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ማንበብ የማይችል ገበሬ ስንትና ስንት ግጥም በቃሉ የያዘው በዚህ ትምህርት ቤት ነው። በ2020 ወረርሽኙ ጉዞውን ሲያግደው ጫማዎቹ በአውቶቡስ ተወሰዱ።

ግጥም ለአምላክ መቀኘት ቅድስና የሚሆንበት ይህ መንገድ የማሃራሽትራ ብቻ አይደለም። ከስድስተኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ በታሚል ምድር የቪሽኑ ባለቅኔዎች አልቫሮችና የሺቫ ዘማሪዎች ናያናሮች ተነሥተዋል፤ በሰሜን ደግሞ ሸማኔው ካቢር፣ ቆዳ ሠራተኛው ራቪዳስ፣ የራጅፑት ልዕልቷ ሚራባይ ይጠቀሳሉ። የፓንዳርፑርን ነገር ለየት የሚያደርገው ባለቅኔዎቹ በአንድ ደጅ መሰባሰባቸው ይመስለኛል፤ ያ ደጅ ግን ለሁሉም አልተከፈተም።

በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቾካሜላ ከመደቦች ሁሉ በታች ተቆጥረው «የማይነኩ» ከሚባሉት ከማሃሮች ወገን ነበር፤ ወደ ቤተ መቅደሱ መግባት አይፈቀድለትም። ውጭ ቆሞ ዘመረ። ሸንኮራ አገዳው ቢጣመም ጭማቂው አይጣመምም፤ ቾካም ቢጣመም ፍቅሩ አልተጣመመም የሚለው ግጥሙ ዛሬም በብዙዎች አፍ ላይ አለ። በማንጋልቬዳ የግንብ ሥራ ላይ ሳለ ግንቡ ተንዶ ገደለው። ናምዴቭ አስከሬኑን ሊፈልግ ሄዶ ከተከመሩት አጥንቶች መካከል የቪትሃልን ስም የሚጠሩትን መርጦ አመጣና በቤተ መቅደሱ በር ፊት ቀበራቸው ይባላል። ናምዴቭ ራሱ፣ ለመግባት የሚከለክለው ባይኖርም፣ የሚገቡት ሁሉ ትቢያ እንዲያርፍበት የበሩ ደረጃ ሥር ቦታ እንደመረጠ ይተረካል፤ ደረጃው ዛሬም በስሙ ይጠራል።

በሩ ለ«የማይነኩት» የተከፈተው መምህሩና ታጋዩ ሳኔ ጉሩጂ ጾም አድርጎ ከታገለ በኋላ በ1947 ነው። የሕግ ሊቁና የመብት ታጋዩ ቢ አር አምቤድካር፣ ራሱ የማሃር ልጅ፣ በ1948 ስለ «የማይነኩት» አመጣጥ ያሳተመውን መጽሐፍ ቾካሜላን ጨምሮ ከ«የማይነኩት» ለተገኙ ሦስት ሳንቶች መታሰቢያ አደረገው። ነገር ግን ቾካሜላ በአንዳንድ ግጥሞቹ ዝቅታውን ካለፈ ሕይወት የመጣ ፍርድ አድርጎ መቀበሉ ብዙ ማሃሮችን አያስደስትም። በ1956 አምቤድካር ሂንዱነትን ትቶ ቡድሂስት ሲሆን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቹ ተከተሉት። የቾካሜላ መቃብር ከተከፈተው በር ፊት ለፊት እንዳለ ነው።