በዋሽንግተን ዲሲ ካናቢስን በቤት ውስጥ ማብቀል

ዕድሜው 21 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በቋሚነት በሚኖርበት ቤት ውስጥ እስከ ስድስት የካናቢስ ተክሎች ማብቀል ይችላል፤ ከእነዚህም ውስጥ ለአበባ ሊደርሱ የሚችሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። በአንድ ቤት ወይም በአንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ የቱንም ያህል አዋቂዎች ቢኖሩ የተክሎቹ ጠቅላላ ቁጥር ከ12፣ ያበቡት ደግሞ ከስድስት መብለጥ የለባቸውም። ይህ ፈቃድ በሥራ ላይ የዋለው ከፌብሩዋሪ 26 ቀን 2015 ጀምሮ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በከተማዋና በአካባቢዋ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ ጉዳዩ እንደ ጎረቤት፣ እንደ ተከራይ፣ እንደ አከራይ ወይም እንደ ወላጅ የማይነካው ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ፈቃዱ የተገኘው በሕዝብ ድምፅ ነው። የከተማዋ ነዋሪዎች በ1998 ለሕክምና የሚውል ካናቢስ እንዲፈቀድ ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ ይሁን እንጂ የዲሲን በጀት የሚቆጣጠረው የአሜሪካ ኮንግረስ ውሳኔው እስከ 2009 ድረስ ተግባራዊ እንዳይሆን አግዶት በመቆየቱ የመጀመሪያዎቹ የሕክምና ካናቢስ መሸጫዎች የተከፈቱት በ2013 ነው። በኖቬምበር 2014 ነዋሪዎቹ «ኢኒሺዬቲቭ 71» የተባለውን ውሳኔ በሰፊ የድምፅ ብልጫ አጸደቁ። ኮንግረሱ ወዲያውኑ በዲሴምበር ወር በበጀት ሕጉ ላይ ባከለው አንቀጽ ከተማዋ የካናቢስን ሽያጭ ሕጋዊ ለማድረግና ለመቆጣጠር ገንዘብ እንዳታወጣ ከለከለ። ከዚህ የተነሣ እንግዳ የሆነ ሁኔታ ተፈጠረ፦ ከሕክምናው መስመር ውጭ መያዝ፣ ማብቀልና ያለ ክፍያ እስከ አንድ አውንስ (28 ግራም ያህል) ለሌላ አዋቂ መስጠት ሲፈቀድ፣ መግዛትና መሸጥ ግን እንደተከለከለ ቀረ። ተለጣፊ ሥዕል ወይም ቲሸርት በውድ ዋጋ ሸጠው ካናቢሱን «በስጦታ» የሚያክሉ ሱቆች የበዙት በዚህ ክፍተት ነው። የመጀመሪያዎቹ አብቃዮችም ዘር የሚገዙበት ሕጋዊ ሱቅ ስላልነበራቸው፣ ሕጉ በሥራ ላይ በዋለ በወሩ ማርች 2015 ላይ ዘር በነጻ የሚታደልበት ዝግጅት በአዳምስ ሞርጋን ሰፈር ተካሂዷል፤ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በአሜሪካ ስማቸውን ያስጠሩበት ሰፈር መሆኑ ነው።

ሕጉ የሚፈቅደው በቤቱ የውስጥ ክፍል ብቻ እንዲበቅል ነው። በረንዳ፣ ጓሮና ጣሪያ አይፈቀዱም። ስለዚህ ፀሐይን እንደ ልብ ማግኘት የሚችለው ተክል በአምፖል ብርሃን ማደግ ግድ ሆነበት፤ በዲሲ የጀማሪው ወጪም ሆነ ድካም በአብዛኛው የሚመነጨው «የውስጥ» ከምትለው ከዚህች አንዲት ቃል ነው ማለት ይቻላል።

ብርሃንና ዘመን

ካናቢስ በአንድ ዓመት ውስጥ በቅሎ፣ አብቦና ዘር ጥሎ የሚሞት ተክል ነው። ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ግንድ ላይ ይበቅላሉ። የሚያፈዝዘው ንጥረ ነገር፣ ማለትም ቲኤችሲ፣ በብዛት የሚገኘው የወንዴ ብናኝ ባልደረሳት ሴቴ አበባ ላይ በሚወጡ ሙጫ ያዘሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ውስጥ ነው። ተክሉ የማበቢያ ጊዜውን የሚያውቀው በሌሊቱ ርዝመት ነው፤ ሌሊቱ አጭር እስከሆነ ድረስ ቅጠልና ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ሌሊቱ ወደ 12 ሰዓት ሲረዝም ወደ አበባ ይዞራል። ዓመቱን ሙሉ ቀኑና ሌሊቱ ለመተካከል ጥቂት በሚቀረው በኢትዮጵያ ላደገ ሰው ይህ ነገር ላይከሰትለት ይችላል፤ በዲሲ ግን የጁን ወር ቀን 15 ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የቤት ውስጥ አብቃይ ይህንን የወቅቶች መፈራረቅ በታይመር ይተካዋል። በእድገቱ ዘመን አምፖሉ በቀን 18 ሰዓት እንዲበራና ስድስት ሰዓት እንዲጠፋ ያደርጋል፤ አበባ ሲፈልግ 12 በ12 ያደርገዋል። ይህ የማይመለከታቸው፣ በብርሃኑ ርዝመት ሳይሆን በዕድሜያቸው የሚያብቡ ዝርያዎችም አሉ።

በጨለማው ጊዜ ብርሃን ማስገባት አይገባም። ተክሉ በቤት ውስጥ ከሚያድግበት ድንኳን ዚፕ ሥር የሚገባ የኮሪደር መብራት ወይም በሌሊት የሚበራ የሞባይል ስልክ በተደጋጋሚ ሲያጋጥመው ተክሉ ይረበሻል፤ አበባውን ትቶ ወደ ቅጠል ሊመለስ ወይም በሴቴዋ ላይ የወንዴ አበባ ሊያወጣ ይችላል።

የተክሎቹን ቁጥር የወሰነው ሕግ ከዚህ ባሕርይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ስድስቱንም ተክሎች በአንድ ድንኳን አሳድጎ በአንድ ቀን ታይመሩን ወደ 12 ሰዓት የሚያዞር ጀማሪ፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ስድስት ያበቡ ተክሎች ይኖሩታል፤ ብቻውን የሚኖር ከሆነም ሳያስበው ሕግ ተላለፈ ማለት ነው። ቁጥሩ የተስማማው ሁለት ቦታ ላላቸው ሰዎች ነው፦ በአንደኛው ሦስት ችግኞች በ18 ሰዓት ብርሃን ያድጋሉ፣ በሌላኛው ሦስቱ በ12 ሰዓት ያብባሉ፣ የደረሱት ሲታጨዱ ችግኞቹ ይተካሉ። ሕጉ ሲቆጥር ወንዴና ሴቴ ብሎ አይለይም። ከተራ ዘር ከሚበቅሉት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ወንዴ ስለሚሆኑ፣ ሴቴ ብቻ እንዲሰጥ ሆኖ የተዘጋጀ ዘር የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ግን ስድስቱንም መሙላት የለበትም፤ አንድ ወይም ሁለት ተክል ለትምህርት ይበቃል።

ቦታው፣ አፈሩና ውኃው

የተለመደው አነስተኛ ቦታ ወርዱም ርዝመቱም 60 ሴንቲሜትር በሆነ ወለል ላይ የሚቆም፣ ውስጡ ብርሃን በሚመልስ ጨርቅ የተለበጠ ድንኳን ነው። ቀድሞ ብዙዎች ይጠቀሙበት የነበረው የሶዲየም አምፖል እጅግ ስለሚሞቅ ዛሬ በኤልኢዲ መብራት ተተክቷል። ለእንዲህ ያለ ድንኳን ከ100 እስከ 150 ዋት ይበቃል፤ 150 ዋት የሚስብ መብራት በ18 ሰዓት ውስጥ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 81 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሙቀቱ ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱ ለችግኝ 65 በመቶ ገደማ፣ በአበባ ጊዜ ደግሞ 50 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን ይመረጣል። የዲሲ በጋ ወበቃም በመሆኑ፣ በተለይ በቤዝመንት ውስጥ፣ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ከሌለ ጥቅጥቅ ያለው አበባ ከውስጡ ይሻግታል። ሻጋታው ከውጭ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው፤ በድንገት የደረቀች አንዲት ትንሽ ቅጠል ከአበባው መካከል ብቅ ስትል ያኔ ከሥሯ ያለው አበባ ግራጫ ሆኖ ይገኛል። የሻገተ አበባ ይጣላል እንጂ አይጠራም።

ሥሩን በውኃና በማዕድን ብቻ የሚመግበው ሃይድሮፖኒክስ የሚባለው ዘዴ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ስሕተትን ፈጽሞ አይታገሥም። ለጀማሪ አፈር ይሻላል። ውኃ በደንብ የሚያንጠፈጥፍ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 እስከ 7 የሆነ አፈር ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቂ ምግብ ስለሚይዝ ማዳበሪያ መጨመር ገና ነው። ከዚያ በኋላ በእድገቱ ጊዜ ናይትሮጅን፣ በአበባው ጊዜ ፎስፈረስና ፖታሲየም የሚያመዝንበት ማዳበሪያ ይሰጣል፤ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ መጀመር የተለመደ ነው፣ የቅጠሉ ጫፍ ተቃጥሎ ቡናማ መሆን ማዳበሪያው መብዛቱን ይናገራል።

ጀማሪዎች ተክላቸውን በብዛት የሚገድሉት በማስጠማት ሳይሆን ውኃ በማብዛት ነው። ውኃ የበዛባትም የጠማትም ተክል ቅጠሏን ስለምታዘነብል ሁለቱ ይምታታሉ፤ ልዩነቱ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። ውኃ የበዛበት ቅጠል ወፍሮና ከብዶ ወደ ታች ይጠቀለላል፣ የጠማው ግን እንደ ወረቀት ሳስቶ ይንጠለጠላል። ተክሉ ያለበትን ዕቃ ከመሬት አንሥቶ ክብደቱን መገመት ከማንኛውም መለኪያ የተሻለ ነው፤ ውኃ ጠጥቶ የሚከብደውና ደርቆ የሚቀልለው ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ እጅ ቶሎ ይለምደዋል። የቧንቧውን ውኃ አሳድሮ ክሎሪኑ እንዲተንን ማድረግ የተለመደ ምክር ቢሆንም በዲሲ ብዙም አይሠራም፤ የከተማዋ ውኃ ከጸደይ ጥቂት ሳምንታት በቀር የሚታከመው በክሎራሚን ነው፣ ክሎራሚን ደግሞ እንደ ክሎሪን በማደር በቀላሉ አይተንም። መጠኑ ትንሽ በመሆኑ ግን በአፈር ላይ ያለን ተክል እምብዛም አይጎዳም።

ከዘር እስከ ደረቅ ምርት ባብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ወር ይወስዳል። ዘሩ በጥቂት ቀናት ይበቅላል፣ የአበባው ጊዜ ብቻውን ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሳምንት ነው። መድረሱ የሚለየው በማጉያ መነጽር ነው፦ መጀመሪያ እንደ መስታወት የጠሩት የሙጫ ፀጉሮች ወተት መስለው ሲደፈርሱና ጥቂቶቹ ወደ ወርቃማነት ሲያደሉ ተክሉ ይታጨዳል። ከዚያ በጨለማና ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይሰቀላል፤ ቀጭኑ ቅርንጫፍ ሳይተጣጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር በመስታወት ማሰሮ ይከተትና ለጥቂት ሳምንታት በየቀኑ እየተከፈተ ይናፈሳል። ብዙ ጀማሪዎች ወራት የለፉበትን ምርት የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው፣ በችኮላ። ከሕጉ አንጻር በቤት ውስጥ ከበቀሉት ተክሎች የተገኘው ምርት ሁሉ እዚያው ቤት ሊቀመጥ ይችላል፤ ከቤት ይዞ መውጣት የሚቻለው ግን ሁለት አውንስ፣ ማለትም 57 ግራም ያህል ብቻ ነው። በአደባባይ ማጨስም ክልክል ነው።

ሽታ፣ ኤሌክትሪክና ልጆች

በአበባው የመጨረሻ ሳምንታት ሽታው ግድግዳ አያግደውም። በከሰል ማጣሪያ ውስጥ አየር የሚያወጣ ማራገቢያ ይቀንሰዋል፤ ጣሪያና ወለል በሚጋሩ አፓርታማዎች ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። መብራት፣ ማራገቢያና የእርጥበት መምጠጫ በአንድ ርካሽ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፣ በተለይም ገመዱ ውኃ በሚፈስበት ወለል ላይ ከተዘረጋ፣ የእሳት አደጋ ያስከትላል። ልጆች ባሉበት ቤት ድንኳኑም ሆነ ማሰሮው መቆለፍ አለበት፤ ቅቤ ወይም ኬክ ውስጥ የገባ ካናቢስ ሕፃናትን ሆስፒታል የሚያደርስ ነገር ነው። ለወጣቶች፣ ለነፍሰ ጡሮችና በቤተሰባቸው የሥነ አእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች መጠቀሙ ራሱ ጉዳት እንዳለው የሕክምና ባለሙያዎች አጥብቀው ያሳስባሉ።

ፈቃዱ የማይደርስበት

የከተማዋ ሕግ አከራይ በቤቱ ውስጥ ማብቀልን እንዲከለክል መብት ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ተከራይ መጀመሪያ የሚያነበው ከተማዋ ያወጣችውን ሕግ ሳይሆን የኪራይ ውሉን ነው። በፌዴራል ድጎማ በሚተዳደሩ ቤቶች፣ እንዲሁም እንደ ሮክ ክሪክ ፓርክ ባሉ የፌዴራል ቦታዎች ፈቃዱ አይሠራም። ካናቢስ ከ1970 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ነው፣ የዲሲ ነዋሪዎች ድምፅም ይህን አልለወጠውም።

ይህ ጉዳይ ከማንም ይበልጥ የሚያሰጋው ዜግነት ያላገኙትን ነው። የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ሰው በሚኖርበት ግዛት የተፈቀደ ቢሆን እንኳ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ የካናቢስ ድርጊት ፈጽሞ ከተገኘ «መልካም ሥነ ምግባር» የሚለውን የዜግነት መስፈርት ላያሟላ እንደሚችል ገልጿል። ማብቀል ከእነዚህ ድርጊቶች አንዱ ነው፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ በቃለ መጠይቅ ላይ ማመን ብቻ ችግር ሊያስከትል ይችላል። በግሪን ካርድ፣ በጥገኝነት ማመልከቻ ወይም በጊዜያዊ ፈቃድ ላይ ያለ ሰው በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ፈጽሞ ባይሞክረው ይሻላል፣ ከሞከረም ወደ ኢሚግሬሽን ቢሮ ከመግባቱ በፊት ጠበቃ ያማክር።

ከዲሲ ውጭ ያለውም ሕግ ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ለአንድ ቤተሰብ አራት ተክሎች ስትፈቅድ፣ በእያንዳንዱ ተክል ላይ የባለቤቱ ስም፣ የመታወቂያው ቁጥርና ለግል ፍጆታ መሆኑ የተጻፈበት ምልክት እንዲንጠለጠል ታስገድዳለች። ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ የፈቀደችው ለአንድ ቤት ሁለት ተክሎች ብቻ ነው። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ማብቀሉንም መያዙንም በወንጀልነት ስለሚያስቀጣ፣ ዘር ወደ አገር ቤት በሻንጣ መላክ በዚያ ሊያስከስስ ይችላል። ተክሉን ከአንድ ግዛት ወደ ሌላው ማሻገር ደግሞ በየትኛውም መጠን የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ከዲሲ ተነሥቶ ጥቂት ኪሎሜትሮች ብቻ ወደሚርቀው በሜሪላንድ ወዳለው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የሚቀይር ሰው ድንኳኑንና መብራቱን ጭኖ መሄድ ይችላል፣ ተክሎቹን ግን መኪናው ላይ መጫን አይችልም።