«እናቴ ፈረስ ናት» ያለው በቅሎ

በቀደም ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ፣ እናቱ ብቻዋን ያሳደገችውን ሙሽራ እያየ «በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ» ብሎ ሳቀ። ጠጁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ልጁን ማን ምን ጠየቀውና ነው? ተረቱ እኮ የተጠየቀውን ሸሽቶ የሚያኮራውን ለሚመልስ ሰው ነው።

እኔ ይህን ተረት ከበቅሎ ገበያ ለይቼ አላየውም። ልጅ ሆኜ፣ ሰሜን ሸዋ፣ አያቴን ተከትዬ ገበያ እወርድ ነበር። አያቴ በቅሎ ሲያይ አይቸኩልም። መጀመሪያ ኮርቻዋን አስወርዶ ጀርባዋን በመዳፉ ይዳብሳል። ገጣባ ካለ፣ ወይም የዳነው ቁስል ላይ ነጭ ፀጉር ከበቀለ፣ ዋጋው እዚያው ይወርዳል። ከዚያ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፣ ሰኮናዋን ያነሳል። በመጨረሻ ልጅ አስቀምጦ ያስኬዳታል፤ ልጁ እኔ ነበርኩ። ሰጋር ከሆነች ጣሳ ሙሉ ጠላ ብትይዝ አይፈስብህም ይለኝ ነበር።

ቀጥሎ «እናቷ እንዴት ያለች ናት?» ይላል። ስለ አባቷ ሲጠይቅ አንድ ቀን አልሰማሁም። ምን ብሎ ይጠይቃል? አባቷ አህያ ነው። ረጅሙ ጆሮና ጠባቡ ሰኮና ሳይጠየቁ ያሳብቃሉ። ቁመቷና ግዝፈቷ ግን በእናቷ፣ በባዝራዋ ነው የሚገመተው።

እንግዲህ የኔ ግምት ይሄ ነው። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ የለኝም፣ ግን አልለቀውም። መልሱ መጀመሪያ የሻጩ ነበር። ገዢ ዋጋ ሊያወርድ «አባቱ ማን ሆነና!» ይላል፣ ሻጭ «እናቱ እኮ ፈረስ ናት!» ይላል፣ ዳር ቆሞ የሰማ ቀልደኛ ቃሉን ወስዶ ለበቅሎው ሰጠው።

በቅሎውም ቢያፍር አልፈርድበትም። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ ያሰኘው ፈረስ ነው። መኳንንቱን ተሸክሞ ዳገት ቁልቁለቱን የሚፈጀው በቅሎ ሆኖ ሳለ፣ በበቅሎ ስም የተጠራ ጀግና አላውቅም።

ውሃ ለምን ጠፋ ስንለው ስለ አዲሱ ሕንፃው ለሚያወራልን ኃላፊ ተርቱት፣ ያምርበታል። አባት ባጠገቡ የሌለ ልጅ ላይ ግን ነውር ነው።

ሰውዬውን ዝም አላልኩትም። «ለመሆኑ ይሄ ተረት ለምን እንደሚተረት ታውቃለህ?» አልኩት።

«እኔ እኮ የቄስ ልጅ ነኝ!» አለኝ።